ተኝተው የመረጡት ኮርኒስ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። በወይዘሮ ሰርኬ ቤት ግን ግድግዳው ጭቃ፣ የልጃቸው የኪሩቤል ድምፅ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ይህ አባባል ብዙም አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደሳለች የእናቷን ፊትና እጅ አስታጥባ፣ ሳፋውን ይዛ በጠባቡ ኮሪደር ስታልፍ፣ ወንድሟ ሳሎን ተቀምጦ ለሚስቱ ለልዩ ሲናገር ሰማች። «የጥጉ ክፍል ቪአይፒ ይሆናል። ተራራው የሚታየው ከሱ ነው። እማዬ ሰርቪስ ቤቱ ይበቃታል፤ ለሷ ኮርኒስ ምን ያደርግላታል?» ልዩ ማን እንደሚነግራቸው ጠየቀች። ኪሩ ብዙም አላሰበበትም፤ ደሳለች ትነግራታለች አለና ሻዩን ፉት አለ። ደሳለች ውሃው እንዳይፈስ ሳፋውን በሁለት እጇ አጥብቃ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ሌባዋ እሷ የሆነች ይመስል በእግር ጣቷ እየረገጠች ወደ ጓሮ ወጣችና ውሃውን ጎመኑ ሥር ደፋችው።

ቤቱ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አስፋልት ዳር ያለ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ መኪናው ተሰልፎ ሰው ንጹሕ አየር ሊቀበል ወደ ተራራው ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ይርበዋል። ኪሩ ይህን ልብ ካለ ዓመት አልፎታል። አስፋልት ዳር ቤት ይዞ ካፌ አለመክፈት ኃጢአት ነው ይላል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ኃጢአት የሚለውን ቃል እንደፈለገ የመጠቀም መብት ያለው ይመስለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። የእናቱን መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው፤ ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን በወንበር የሰነበተው እሱ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል፤ በሰባት ወር ውስጥ ቤቱ ሁሉ ሳይነጋገር በአንድ ነገር ተስማምቷል። የተኛ ሰው አይሰማም። ሐኪሙ ራስጌያቸው ቆሞ ስለ እርጅናቸው ያወራል፣ ጎረቤት እግርጌያቸው ተቀምጦ ያዝንላቸዋል፣ ልጆቻቸው በሩን ገርበብ አድርገው ስለ ክፍላቸው ይመክራሉ።

ደሳለች ስትመለስ ወይዘሮ ሰርኬ እንደ ሁልጊዜው በጀርባቸው ተኝተው ወደ ላይ ያያሉ። ኮርኒሱ የድሮ ነው፤ አቡጀዲ ተወጥሮ በኖራ የተቀባ፣ በየክረምቱ ከቆርቆሮው የሚያልፈውን ውሃ እየጠጣ ቡናማ እድፍ ያወጣ፣ መሐሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ የወረደ። ሴትዮዋ ለእያንዳንዱ እድፍ ስም አውጥተውለታል። ከበሩ በላይ ያለው ጫማ ነው። ከአምፖሉ አጠገብ ያለው ክብ የሟች ባላቸው መላጣ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይቆጡታል። ከፊታቸው ትይዩ ያለችው ግን ፍየል ናት፤ እግሮቿን አጥፋ ታመሰኳለች፤ ከሁሉም የሚወዱት እሷን ነው። ኪሩ ምን እንደሚል ጠየቁ። ደሳለች ስለ ኮርኒስ ነው የሚያወሩት አለች። የየትኛው ክፍል ብለው ደገሙ። ደሳለች ፎጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈችና የቤቱ ነው አለች። እናትየው እሰይ አሉ፤ ፍየሏም አርጅታለች፣ አሁን አሁን አንዱ ቀንዷ እየጠፋ ነው አሉ። ደሳለች እናቷ ኮርኒሱ ለሳቸው የሚሠራ እንደመሰላቸው ገባት። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብላ ዘጋችው።

ሁለቱ ሴቶች ኮርኒስ ሊመርጡ ወደ ሸጎሌ የሄዱት በወንድሟ ሚስት በልዩ መኪና ነው። ኪሩ ለቤት የሚሆን ነገር ሴቶች ይመርጣሉ ብሎ ያምናል፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ራሱ ይናገራል። ሽሮ ሜዳ ላይ መንገዱ ሲዘጋ፣ በየሱቁ ደጃፍ ከተሰቀለው ነጠላና ቀሚስ ፊት ለፊት ቆመው፣ ልዩ ስልኳን ለደሳለች አቀበለቻት። የኮርኒስ ፎቶ ነው፤ የሆቴል፣ የባንክ፣ የሰው ሳሎን። ቀጥ ያለ፣ እንደ ሞገድ የሚወርድ፣ መሐል መሐሉ መብራት የተሰካበት። ሰው ካፌ ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያል፣ ስንት ሊከፍል እንደሚችል የሚወስነው ያኔ ነው አለች ልዩ። ለአዳራሹ እንጨት የሚመስል ፒቪሲ፣ በካሬ ሺህ ምናምን ብር፤ ለቪአይፒው ግን እውነተኛ እንጨት፣ በካሬ አምስት ሺህም ቢሆን። ደሳለች ፎቶዎቹን በጣቷ እየገፋች ታይ ነበርና ሳታስበው ከመጨረሻው ፎቶ ቀጥሎ የቤቱ ፕላን መጣ። የእናቷ ክፍል ላይ ቪአይፒ ተብሎ ተጽፏል። የራሷ ክፍል ላይ ደግሞ እቃ ማስቀመጫ ይላል። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊነቷን ትታ እናቷን ማስታመም ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው፤ የት እንደምትተኛ ግን የነገራት የለም። ስልኩን መለሰች። ልዩ የትኛውን እንደወደደችው ጠየቀቻት፣ እሷም ሁሉም ያምራሉ አለች።

የአናጺው የኢታና ሥራ ቤት ከሸጎሌ ከብት ገበያ ማዶ በቆርቆሮ የታጠረ ረጅም መጠለያ ነው። ሰጋቱራው ጫማ ይውጣል። ኢታና ሃምሳ አምስት የሚሆን፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከወለጋ የመጣ፣ በእጁ ሥራ የተከበረ፣ በጠባዩ ግን ብዙ ደንበኛ ያጣ። ጠባዩ ይህ ነው፤ የእንጨት ናሙናዎቹን ግድግዳ ላይ አይደረድርም። አንዳንድ ካሬ አድርጎ ገጣጥሞ ከጣሪያው ሥር በሽቦ አንጠልጥሏቸዋል። ከታች ሰሌን ተነጥፏል። ኮርኒስ ላሠራ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ ሰሌኑ ላይ በጀርባው ተኝቶ ካላየ ኢታና ዋጋ አይነግረውም። ወለል ቆሞ ይመረጣል፣ ግድግዳ ተቀምጦ ይመረጣል፣ ኮርኒስ ግን የሚያየው የተኛ ሰው ነው ይላል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከነከረባቱ ተኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነሳ ቀረ ይባላል፤ ኢታና አተኛኘቱ ድካም እንደነበር ገብቶት ዝም ብሎ ተወው። ሌሎች ግን ምን ያለው እብድ ነው እያሉ መኪናቸውን አስነስተው ሄደዋል።

ልዩም ሰሌኑን አየች፣ ነጭ ሱሪዋን አየች፣ ሳቀች። እሷ ትተኛ አለችና ደሳለችን ገፋ አደረገቻት። ደሳለች ጫማዋን አውልቃ ተኛች። መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ግን ከላይዋ ያለውን ማየት ጀመረች። ቆማ ስታየው ያማረው፣ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጨው ጥድ፣ ተኝታ ስታየው ብርሃኑን ዓይኗ ውስጥ ይወረውርባታል። የዋንዛው ጥቁረት ወደ ታች የሚወርድ ይመስላል። ጥግ ላይ ያለው፣ ቆማ ያላየችው፣ የምስማር ቀዳዳ ያለበት ደብዛዛ ዝግባ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠላት። ዛሬ ዝግባ ልቁረጥ የሚል ፈቃድ አያገኝም፤ ኢታና ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች እየገዛ ነው የሚልገው። ደሳለች ሰባት ወር ሙሉ እናቷን አገላብጣለች፣ አጉርሳለች፣ አንድ ቀን እንኳ ግን ጎናቸው ተኝታ የሚያዩትን አላየችም። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣና ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ የተኛ ሰው እንባ ወደ ጆሮ እንደሚሄድም ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ሰጋቱራ ገባብኝ ብላ ተነሳች።

ኢታና ወረቀት አውጥቶ ስለ ክፍሉ ጠየቀ። ስፋቱን፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ። በመጨረሻ ማን እንደሚተኛበት ጠየቀ። ልዩ ማንም አይተኛበትም፣ ካፌ ነው አለች። ኢታና እርሳሱን ይዞ ወደ ደሳለች ዞረ፤ ዓይኗ ገና እርጥብ ነበር። ደሳለች መሬት መሬት አየች። ሰውየው ሳይጽፍ ወረቀቱን አጠፈና ቤቱን ሳያይ ዋጋ እንደማይናገር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት ጣውላ ይዞ እንደሚመጣ ነገራቸው። መኪና ውስጥ ልዩ ይህ ሰውዬ ሥራው ባያምር ኖሮ ማን ይታገሠው ነበር አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ኪሩ ደሳለችን ወደ ጓሮ ጠርቶ ሰርቪስ ቤቱን አሳያት። እቃው ወጥቶ ተጠርጓል፤ የሲሚንቶው ወለል ገና እርጥብ ነው። ሦስት በሦስት የሆነች፣ በአንድ በኩል ወጥ ቤት፣ በሌላ በኩል መጸዳጃ ያላት፣ ትንሿ መስኮቷ ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር የተፋጠጠች ክፍል ናት። ኪሩ በደንብ አስቦበታል። ሙቀት አላት፣ ለመጸዳጃ ቅርብ ናት፣ የደንበኛ ጫጫታ አይደርስባትም፤ የደሳለችም አልጋ እዚያው ጎን ለጎን ይገባል። ደሳለች ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሮ በያዛት ልማድ ቀና ብላ አየች። ኮርኒስ የለም፤ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ይታያል።

«ዝናብ ሲመጣ እዚህ ውስጥ መነጋገርም አይቻልም» አለች።

«የሷ ጆሮ እንደሆነ ደክሟል።»

«እንደሱ ከሆነ አንተ ንገራት።»

ኪሩ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። እሱ ከነገራቸው እንደሚያለቅሱ፣ እሱ ደግሞ የእናቱን እንባ እንደማይችል፣ ከሷ አፍ ሲሰሙት ግን እንደሚቀላቸው በቀስታ አስረዳት። ሰው አንድን ነገር መሥራት ካፈረ መጸለይ አለበት ብሎ ጨመረ፤ ማን እንደሚጸልይ ግን አልለየም። ደሳለች እሺም እንቢም አላለችም። በዚያ ቤት ውስጥ የደሳለች ዝምታ ከጥንትም እሺ ተብሎ ነው የሚተረጎመው፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

እናቷን ስታጎርስ ሴትዮዋ ምን ዓይነት ኮርኒስ እንደተመረጠ ጠየቁ። ገና ነው አለች። ወይዘሮ ሰርኬ ሁለት ጉርሻ በሉና በቃኝ አሉ። ሳህኑን መልሳ መጥታ ትራሳቸውን ስታስተካክል ደግሞ እጇን ያዙ። ቀጭን ናቸው፣ ጣታቸው ግን ጠንካራ ነው። የምትነግሪኝ ነገር አለ ወይ አሏት፤ በቁጣ ሳይሆን ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ደሳለች የለም አለች። እናቷ እጇን ለቀቁና ወደ ፍየሏ ተመለሱ። በመስኮቱ በኩል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከጉም ጋር ሲገፋፋ ይታያል፤ ደሳለች መጋረጃውን መዝጋት ይሁን መክፈት እንዳለባት ግራ ገብቷት ግማሹን ከፍታ ወጣች።

ኢታና በሰዓቱ መጣ። አራት ጣውላ፣ አንድ ባላ እንጨት፣ በብብቱ የተጠቀለለ ሰሌን። ሳሎኑን አይቶ ፒቪሲ የሱ ሥራ አለመሆኑን ተናገረ። ኪሩ ወደ ጥጉ ክፍል መራው፤ ልዩና ደሳለች ተከተሉ። ኪሩ ከምሳ በኋላ ከነበረው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ መምጣቱ ስለነበር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ኢታና በሩ ላይ ሲደርስ አልጋውን አየና ቆቡን አወለቀ። እማማ እንደምን ዋሉ፣ ጌታ ይማርዎት አለ። ቀጥሎ ወደ ልዩ ዞሮ አያት፤ ልዩ ስልኳን አየች።

«እዚህ የሚተኙት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«እስካሁን እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ።

ኢታና ሰሌኑን ከአልጋው ጎን ዘረጋና ኪሩን በእጁ ጋበዘው። ኪሩ ሱሪውን አየ፣ ሰሌኑን አየ፣ ቆሞም ማየት እንደሚችል ተናገረ። ልዩ አሁንም ሳቀች። አናጺው አልተከራከረም፤ እማማ ከሁላችንም ቀድመው ተኝተዋል፣ እሳቸው ይምረጡ አለ። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት የመጀመሪያውን ጣውላ በባላው አንስቶ ከአቡጀዲው ጋር ገጠመው፤ ፍየሏ ተሸፈነች። ወይዘሮ ሰርኬ ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ደስታ ይመስል ነበር፤ ደሳለች ያንን ፊት ማየት አቅቷት ዓይኗን በር ላይ ተከለች።

የሚያብለጨልጨውን ጥድ አልፈለጉትም፤ አምፖሉን ሁለት ያደርገዋል፣ አንዱም በቅቶኛል አሉ። ዋንዛውንም መለሱት፤ ክረምት ይህ ክፍል በዘጠኝ ሰዓት ይመሻል፣ እሱ ሲጨመርበት ደግሞ ጉድጓድ ይሆናል። ባሕር ዛፉ ሲደርቅ እንደሚንቋቋ ከኢታና በፊት ተናገሩ። ዝግባው ሲነሳ ግን የምስማር ቀዳዳዎቹን በዓይናቸው ተከተሉ። ኢታና ቀዳዳዎቹ በስቱኮ እንደሚደፈኑ ገለጸላቸው። «አትድፈናቸው ልጄ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የምቆጥረው ነገር እፈልጋለሁ» አሉት። ከዚያ ጣውላው በየት በኩል ይሂድ የሚለው መጣ። ልዩ ወርዱን ይሂድ፣ ካፌ ውስጥ የሚያምረው እንደዚያ ነው አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ወይዘሮ ሰርኬ ካፌ ገብተው እንደማያውቁ ተናግረው፣ ከበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይሂድ፣ ዓይን ሲከተለው ተራራው ጋ ያደርሰዋል አሉ። ኢታና ባላውን አውርዶ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ኪሩ ሊወጣ ሲል እናቱ ጠሩት። ኑ ልመርቃችሁ አሉ። እንዲህ ሲባል በዚያ ቤት የቆመ ሰው አይራመድም፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ፣ እንግዳውም ቆቡን ደረቱ ላይ ያዘ። ኪሩ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አሜን የማይዘገይበት ሰው ነው፤ በጸሎት ስብሰባ ላይ ከሰባኪው ቃል ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ ከእሱ ሲወጣ እንደ ማስነጠስ ነው። ወይዘሮ ሰርኬ ዓይናቸውን ከኮርኒሱ ሳይነቅሉ ጀመሩ።

«ከአናቴ በላይ ያለውን ላሰበልኝ ልጄ፣ ጌታ ከአናቱ በላይ ሰማዩን የበረከት ያድርግለት።»

አሜን አለ ኪሩ፣ ከሁሉ ቀድሞና ከሁሉ ጮክ ብሎ። ልዩና ኢታና ተከተሉት። ለደሳለች ግን የፍየል ለምድ እጁ ላይ ጠቅልሎ የዕውር አባቱን ምርቃት የወሰደው ያዕቆብ ነው የታወሳት። እናቷ ባልተደረገላቸው ነገር እየመረቁ ነው፤ ይህን አሜን የሚል ሰው ሰርቆ እንደሚበላ ቆጠረችው። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

«እናቱን በእርጅናዋ ያልገፋ፣ ልጆቹ በእርጅናው አይግፉት።»

ኪሩ አሜን አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው፤ ቀና ብሎ እናቱን አያቸው። እሳቸው እሱን አያዩትም።

«ይህን አልጋ ካለበት ሳያነሳ እስክሞት የሚያኖረኝን፣ የሠራውን ሌላ አይውረሰው፣ ቤቱም አይነቀልበት።»

ኪሩ ይኼኛውን ሊውጠው ሞከረ። ከጎኑ የቆመው ኢታና ግን ከሆዱ አሜን ሲል የሱም አብሮ ወጣ፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ክፍሏ ጠባብ ናትና ሁሉም ሰማው። ወይዘሮ ሰርኬ ተባረኩ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ኢታና ሜትሩን አውጥቶ ጣውላውን ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ አልጋው እዚያው ይቆይ እንደሆነ ኪሩን ጠየቀው፤ ኪሩ ደውልልሃለሁ አለና ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሲታይ የሰርቪስ ቤቱን በር ከፈተው፣ ወደ ላይ አየ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። አናጺው ሰሌኑን ጠቅልሎ ጣውላዎቹን ተሸከመ፤ ዝግባውን ግን ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ።

ክፍሏ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት እየሄደ ነው፤ መኪናዎቹ ከተራራው መውረድ ጀምረዋል፣ የፍሬን ድምፅ ይሰማል። ደሳለች ብርድ ልብሱን ሳይሸበሸብ ደጋግማ አስተካከለችው። ወይዘሮ ሰርኬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«የኪሩን አሜን ሰማሁ። የልዩንም፣ የአናጺውንም ሰማሁ። ያንቺን አልሰማሁም።»

ደሳለች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ለሳቸው እንዳልሆነ፣ ሰርቪስ ቤቱ እንደተጠረገ፣ እንድትነግራቸው የተላከችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። እናቷ አንዱም አልገረማቸውም። ከጠዋት ጀምሮ እንደሚያውቁ፣ ኪሩ እንደ አባቱ ቀስ ብሎ ማውራት እንደማይችል ነገሯት። «ትነግሪኛለሽ ብዬ ሦስቴ ጠየቅሁሽ» አሏት። ድምፃቸው ላይ ወቀሳ አልነበረም፤ ደሳለችን የጎዳትም ይኸው ነው። ኪሩ ሊያስወጣቸው እንደሆነ እያወቁ ለምን እንደመረቁት ጠየቀቻቸው።

«ታዲያ ብረግመው ማን አሜን ይለኛል?» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ።

ደሳለች ጫማዋን አወለቀች። እናቷን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አስጠግታ ከጎናቸው በጀርባዋ ተኛች። ፍየሏን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት፤ ሴትዮዋ በጣታቸው ቀንዷን፣ ከዚያ የታጠፉ እግሮቿን አሳዩዋት። የአባቷን መላጣ ግን ራሷ አገኘችው። የሳሎኑ በር ተከፈተና የኪሩ ከባድ እርምጃ ተሰማ፤ ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ቪአይፒው ይቅር፣ ሳሎኑን ለሁለት እንከፍለዋለን፣ ለአናጺውም ደውዬ አልጋው አይነሳም ብዬዋለሁ ይላል። ልዩ ፎቶውን፣ እይታውን፣ የወራት ሐሳባቸውን አነሳችበት፤ ደግሞም ምን ሆንክ አለችው።

«አሜን ብያለሁ እኮ» አለ ኪሩ።

ወይዘሮ ሰርኬ ሰማሽ አሉ። ደሳለች ሰማሁ አለች። ከዚያ ወደ ፍየሏ እያየች «አሜን» አለች።

«ዘገየሽ» አሉ እናቷ፣ ብርድ ልብሱንም ግማሹን ወደሷ ገፉት።